ሬንጅ ቀብቶ መርሳት አያዋጣም፦ ስለ መኪና ሆድ ዝገት ለቀረበ ጽሑፍ ምላሽ

ስለ መኪና ሆድ ዝገት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ብዙ ሰው ወዶታል። ቢወደድም አይገርምም። አጭር ነው፣ ምክሩም ቀላል ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሬንጅ መሰል ቅብ አንዴ አስቀቡና እርሱት ይላል። ከዚህ ጎን ሌሎች ምክሮችም ደርድሯል። አዲስ መኪና ብረቱ ዚንክ በሚባል ማዕድን ስለተሸፈነ ዝገት አይነካውም። የዛገ ቦታ ካለ ቅቡን ከላዩ መደረብ ነው፤ ዝገቱ አየር ሲያጣ ይሞታል። ገንዘብ ያጠረው የተቃጠለ ዘይት ይርጭ። የመኪናን ሆድ በውሃ ማጠብ ዝገትን መጋበዝ ነው። በረዶ የማይጥልበት አገር የሚኖር ሰው ምንም አያስብ። በረዶ ያለበት ደግሞ መኪናውን ሞቅ ያለ ዝግ ጋራዥ ውስጥ ያሳድር። ይህ ሁሉ የሰለቸው ባትሪ ላይ የምትታሰር የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ይግዛ።

ጸሐፊው በቅንነት የጻፉ ይመስለኛል። አንድ ትልቅ እውነትም ይዘዋል። አብዛኛው ባለመኪና ቦዲውን በየሳምንቱ ያስወለውላል፤ ሆዱን ግን አጎንብሶ አይቶት አያውቅም። በዚህ እንስማማለን። ምክሮቹ ላይ ግን አንስማማም። ነጥብ በነጥብ ልሂድባቸው። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ስለ ዝገት ምንነት

ጽሑፉ ዝገትን የሚያስረዳው አየር ብረትን ሲበላ ነው ብሎ ነው። ውሸት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ብረት የሚዝገው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው። ብረቱ፣ ኦክስጅንና ውሃ። ሂደቱም ኤሌክትሪካዊ ነው። በአንዱ የብረት ነጥብ ላይ ብረቱ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ይሟሟል። በሌላው ነጥብ ላይ ኦክስጅኑ ያንን ኤሌክትሮን ይቀበላል። በሁለቱ መካከል መንገድ የሚሆነው ውሃው ነው። ጨው ሲገባበት ውሃው ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ሥራው ይፈጥናል። ጨው ራሱ አያልቅም። ታጥቦ ካልሄደ እዚያው ሆኖ ያንኑ ሥራ ይደጋግማል።

ደረቅ አየር ውስጥ ያለ ንጹሕ ብረት የሚዝገው በጣም በዝግታ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው ነገሩ መፍጠን የሚጀምረው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ብረቱን በምን ልሸፍነው የሚለው አይደለም። ውሃው የት ነው የሚቀረው? እኔ የምጠይቀው ይህንን ነው። ጽሑፉ ደግሞ ይህን ጥያቄ አንድም ቦታ አላነሳውም።

ውሃ የሚቀርባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ሁለት ላሜራ ተደራርቦ የተበየደበት ስፌት አንዱ ነው። በበሮቹ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚዘረጋው ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን ሌላው ነው። የሻሲው ውስጥ አለ። የነዳጅ ታንኩ ጀርባ አለ። የፓራፋንጎው የውስጥ ከንፈር ጭቃ ይይዛል። የፍሬን ቱቦዎችን የሚያቅፉት ትናንሽ ማያዣዎችም አሉ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ መኪናው ሊፍት ላይ ወጥቶ ከታች ሲታይ አይታዩም። ከታች ወደ ላይ የሚረጭ ቅብም አይደርስባቸውም።

አንዴ ቀብቶ ስለመርሳት

የጽሑፉ ዋና ምክር ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ሬንጅ ወይም ጎማ ያለው ወፍራም ቅብ አዲስ ሲሆን ጥሩ ነው። ጠጠር ሲመታው ይችላል። የመንገድ ድምፅም ይቀንሳል። ችግሩ የሚመጣው ሲያረጅ ነው። ውስጡ ያለው ማሟሟያ እየተነነ ይደርቃል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበት፣ ቦዲውም መንገድ ላይ ሲወዛወዝ፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ቢሆን ይበቃል። ውሃ በዚያ ቀጭን መንገድ ተስቦ ይገባል፤ ሲወጣ ግን መውጫ ያጣል። እርጥብ ካልሲ ላይ የፕላስቲክ ጫማ አድርጎ እንደመዋል ነው።

ከሥሩ ምን እንደሚሆን አስቡት። ዝገት ከመጣበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ እየበዛ ሲሄድ ቅቡን ከብረቱ ያላቅቀዋል። የተላቀቀው ቅብ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ያስቀምጣል። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ሁሉም ነገር ጥቁር፣ ለስላሳና አማን ነው። መካኒኩ በመፍቻ እጀታ ሲመታው ነው ድምፁ የሚያጋልጠው። ጤነኛ ላሜራ ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው ደግሞ ድፍን ብሎ ይመልሳል፤ አንዳንዴም ቅቡ እንደ ቅርፊት ይነሳና ብረቱ አብሮት ይወርዳል።

ወፍራም ቅብን የማልወድበት ትልቁ ምክንያቴ ይኸው ነው። ይደብቃል። ዝገትን በጊዜው ያየ ሰው በትንሽ ሥራ ይገላገለዋል። ሳያይ የቆየ ሰው ብየዳ ውስጥ ይገባል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሆዱ ትኩስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ካገኛችሁት ደስ አይበላችሁ። ለምን አሁን ተቀባ ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላም ጣጣ አለ። በበሮቹ ሥር ባለው ሳጥንና በበሮቹ ግርጌ ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። አምራቹ ያለ ምክንያት አልበሳቸውም። በመስኮቱ ጎማ በኩል የገባ ዝናብ የሚወጣው በእነሱ ነው። የሚቸኩል ቀቢ ወፍራሙን ቅብ ሲለቅበት እነዚህን ይደፍናቸዋል። ያን ጊዜ መኪናው ከውስጥ ወደ ውጭ መዛግ ይጀምራል። ባለቤቱ ግን አስቀብቻለሁ ብሎ ተዝናንቶ ይነዳል።

ፋብሪካውስ ራሱ ከሥር ወፍራም ነገር ይቀባ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎ፣ ይቀባል። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ፋብሪካው የሚቀባው ያልተነዳ፣ በኬሚካል የታጠበ፣ ሙሉው ቦዲ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) የያዘ ብረት ላይ ነው። ስፌቶቹ በማሸጊያ ይሞላሉ፤ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል። አቧራና ጨው የጠጣ፣ ዓመታት የተነዳ ሆድ ላይ በግማሽ ቀን የሚረጨው ጥቁር ነገር ከዚህ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋራው።

ታዲያ ምን ይሻላል? የማይደርቅ ነገር ይሻላል። ሰም ያለው፣ ወይም ከበግ ሱፍ ከሚወጣው ቅባት ከላኖሊን የተሠራ፣ ወይም ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ንጹሕ ዘይት። እነዚህ ለስላሳ ሆነው ይቆያሉ። ወደ ስፌት ውስጥ ይሳባሉ፣ ውሃውንም ከብረቱ ገፍተው ያስወጡታል። ጠጠር ቢጭራቸው አካባቢው ያለው ቅባት ቀስ ብሎ ጭረቱን ይሸፍነዋል። ከሁሉም በላይ ብዙዎቹ ስስ ስለሆኑ ከሥራቸው ያለው ብረት ይታያል።

ጉድለት የላቸውም አልልም። አቧራ ይይዛሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይንጠባጠባሉ፤ ላኖሊን ያለበት የበግ በረት የሚመስል ሽታ አለው። የውሃ ግፊት ያጥባቸዋል። ስለዚህ መታደስ ይፈልጋሉ። ዘይቱና ላኖሊኑ በየዓመቱ፣ ጠንከር ያለው ሰም ደግሞ እንደ መንገዱ ሁኔታ በሁለት ሦስት ዓመት። ጽሑፉ ይህንን መታደስ እንደ ድክመት ነው የቆጠረው። ለእኔ ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው። በየዓመቱ መኪናው ሊፍት ላይ ይወጣል፤ አንድ ሰው መብራት ይዞ ከሥሩ ይቆማል። የፍሬን ቱቦ ተበልቶ እንደሆነ በዚያ ቀን ይታያል።

ጠንካራው ቅብ ቦታ የለውም ማለቴም አይደለም። ጎማው ጠጠር የሚያፈናጥርበት የፓራፋንጎ ውስጥ ለስላሳ ሰም አይበረክትም። እዚያ ንጹሕና ፕራይመር ያለው ብረት ላይ ጎማ መሰሉን ቅብ መቀባት ተገቢ ነው። ያም ቢሆን በየጊዜው ይፈተሻል።

አዲስ መኪና አይዝግም ስለመባሉ

ይህ ነጥብ ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው የሚያሳስተው። ፖርሸ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ላሜራ መጠቀም ጀመረ። አውዲ 100 በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ሙሉ ቦዲው በዚንክ የተሸፈነ ሆኖ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉ። የዛሬ ቦዲ ከ50 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አይወዳደርም። እስከዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

ግን ዚንክ እንዴት እንደሚከላከል እንይ። ከውሃ መሸፈኑ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ራሱን በብረቱ ፋንታ ማስበላት ነው። ጭረት ሲኖር ቀድሞ የሚሟሟው ዚንኩ ስለሆነ ብረቱ ይተርፋል። የሚበላ ነገር ደግሞ ያልቃል። በመኪና ላሜራ ላይ ያለው የዚንክ ሽፋን ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። በእርጥብ ጨው ውስጥ ለዘላለም አይኖርም።

ደግሞ ዚንክ የሚቀባው ቦዲው ነው። መኪና ግን ቦዲ ብቻ አይደለም። ከሥር ገብታችሁ ቀና ብትሉ የምታዩት ሻሲ ወይም ሞተሩን የሚሸከም ፍሬም፣ የጎማ ክንዶች፣ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦ፣ ቡሎንና ዳዶ ነው። አብዛኛው ቀለም ብቻ የተቀባ ተራ ብረት ነው።

ለዚህ ከቶዮታ ታኮማ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በጥንካሬ ስሟ የተጠራ ፒክአፕ ናት። ሆኖም በ2008 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ከ1995 እስከ 2000 የተመረቱትን ታኮማዎች ሻሲ በተመለከተ አሜሪካ ውስጥ ዋስትናውን ወደ 15 ዓመት ለማራዘም ተገደደ። በጣም የተበሳውንም መልሶ ገዛ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከእነዚያ በኋላ የተመረቱ ታኮማዎችን፣ ከሌሎቹ የቶዮታ መኪናዎች ከቱንድራና ከሴኮያ ጋር፣ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪናዎችን በሚነካ የፍርድ ቤት ክስ ለመስማማት በቃ። የስምምነቱ ዋጋ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገምቶ ነበር። የእነዚያ መኪናዎች ሞተር አልደከመም። የተበላው ሻሲያቸው ነበር።

የፋብሪካ ዋስትና አለኝ የሚል ሰው ወረቀቱን አውጥቶ ያንብብ። ብዙ አምራቾች ለዝገት የሚሰጡት ረጅም ዋስትና መበሳትን ብቻ ነው የሚመለከተው። ዝገት ከውስጥ ተነስቶ የቦዲውን ላሜራ በስቶ ሲወጣ ማለት ነው። ላይ ላዩን የዛገ፣ በጠጠር የተጫረ፣ ወይም ቦዲ ያልሆነ ክፍል ብዙ ጊዜ አይካተትም።

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ግን የፍሬን ቱቦ ነው። ቀጭን የብረት ቱቦ ነው፤ ውስጡ ከፍተኛ ግፊት አለ። ማያዣው ሥር ጭቃና ጨው ተሸጉጦ ከውጭ ይበላዋል። የሚፈነዳውም ፍሬን በኃይል በተረገጠ ጊዜ ነው፤ ማለትም በሚያስፈልግበት ሰዓት። የመኪና ፍሬን በሁለት መስመር የተከፈለ ስለሆነ ሁሉም በአንዴ ላይጠፋ ይችላል፤ የሚቀረው ግን ከፊሉ ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የጄኔራል ሞተርስ የሆኑ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ፒክአፖችና ትልልቅ መኪናዎች ላይ ይህንኑ ችግር መርምሮ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ምርመራውን ሲዘጋ የአሠራር ጉድለት አይደለም፣ በዕድሜና በዝገት የመጣ ነው አለ። ለባለመኪኖች የሰጠው ምክርም ሆዱን እጠቡ፣ ቱቦውን አስፈትሹ የሚል ነበር። ቮልቮ በበኩሉ በ1976 እ.ኤ.አ. የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቱቦ መጠቀም ጀመረ። እንዲህ ያለው ቱቦ ዝገትን በእጅጉ ይቋቋማል። የተበላ ቱቦ የሚቀይር ሰው ይህን ዓይነቱን ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ዝገት ላይ ስለመቀባት

አየር ሲያጣ ይሞታል የሚለው አባባል ለጆሮ ጥሩ ነው። ዝገት ግን ደረቅ ዱቄት አይደለም። በቀዳዳ የተሞላ ነው። በውስጡ ውሃና ጨው ይዟል። ከላይ ስትደፍኑት ውሃውንና ጨውን አብራችሁ ደፈናችሁ። የቅቡ ጠርዝ ትንሽ ከተነሳ ደግሞ ኦክስጅኑም ይመለሳል።

ሥራው ሲሠራ ቅደም ተከተል አለው። በሽቦ ብሩሽ የተላቀቀው ሁሉ ይራገፋል። ጨዉ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። በደንብ ይደርቃል፤ እዚህ ላይ መቸኮል የለም፣ ስፌት ውስጥ ያለ ውሃ ላይ ላዩን ከደረቀ በኋላም ይቆያል። ከዚያ የቀረው ስስ ዝገት ላይ ዝገት ቀያሪ ይቀባል። ታኒክ አሲድ ያለበት ዝገቱን ወደ ጥቁር የረጋ ነገር ይለውጠዋል። ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ደግሞ ወደ ፎስፌት። ሁለቱም የሚሠሩት ስስ ዝገት ላይ ነው። ቅርፊት የሠራ ወፍራም ዝገት ላይ ላዩን ብቻ አጥቁረው ይቀራሉ። ቀያሪው ከደረቀ በኋላ ፀረ ዝገት ፕራይመር፣ ከዚያ ቅቡ ይከተላል።

መፍቻ ሲገፉት የሚበሳ ብረት ግን የቅብ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል። በተለይ ክሪክ የሚቆምበት፣ የደኅንነት ቀበቶ የሚታሰርበት፣ የጎማ ክንድ የተያዘበት ቦታ ከሆነ ቀልድ የለም። ስቱኮ ሞልቶ ጥቁር መቀባት ቀጣዩን ገዥ ማታለል ነው። የሚነዳውንም አደጋ ላይ መጣል ነው።

የተቃጠለ ዘይት

ይህን ቶሎ ልለፈው። ዘይት ውሃን ከብረት እንደሚያርቅ እውነት ነው፤ ልማዱም ከዚያ ነው የመጣው። ከሞተር የወጣ ዘይት ግን ዘይት ብቻ አይደለም። ከቃጠሎ የመጣ አሲድ፣ ውሃና የብረት ብናኝ አለበት። አሲድ የያዘ ነገር ብረት ላይ መርጨት ከዝገት መጠበቅ ሳይሆን ዝገትን መመገብ ነው። ለቆዳም ጎጂ ነው፤ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተቆጥሯል። ጎማ ቡሽና የአክስል ሽፋን ያሳብጣል። የሚንጠባጠበው ደግሞ አፈርና ውሃ ውስጥ ይገባል። በነፃ ተገኘ ተብሎ የሚወሰድ አይደለም።

ሆድ አትጠቡ ስለመባሉ

ይህ የጽሑፉ ቀሽም ምክር ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ውሃ ዝገት ያመጣል ከሚለው ተነስቶ አትጠቡ የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። ፈሶ የሚሄድ ውሃ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ውሃ ይዞ የሚቀመጥ ጭቃና ጨው ነው። ፓራፋንጎ ውስጥ የተለጠፈ ጭቃ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለቀናት እርጥብ ይሆናል። ጨው ደግሞ ካልታጠበ በራሱ አይሄድም።

እንዴት እንደሚታጠብ ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ብዙ ውሃ፣ መጠነኛ ግፊት። የላቫጆውን ቱቦ ኩሽኔታ ማሸጊያ፣ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያና የአክስል ጎማ ሽፋን ላይ አስጠግቶ መልቀቅ ውሃውን ወደማይገባበት ያስገባዋል። የጎማ ቅስቶቹን ከውስጥ በኩል፣ ስፌቶቹን በደንብ። ከዚያ ጥቂት መንዳት፤ ፍሬኑም ይደርቃል፣ የተጠራቀመውም ይፈስሳል። ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የነዳ ሰው በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ ማጠብ አለበት። ያጠባችሁትን ሆድ በዚያው ሰዓት መቀባት ደግሞ አይሆንም። አንድ ሁለት ቀን አየር ያግኘው።

በረዶና ጋራዥ

ሁለቱን ነጥቦች አብሬ ላንሳቸው፤ ስህተታቸው ከአንድ ቦታ ነው። በረዶ አያዝግም። የሚያዝገው በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ጨው ደግሞ ከባሕር ነፋስም ይመጣል። አቧራ ለመቀነስ በጠጠር መንገድ ላይ የሚረጭ ካልሲየም ክሎራይድ አለ። ማዳበሪያ የሚጭን መኪናም የራሱን ጨው ይሸከማል። ሙቀት ከእርጥበት ጋር ሲሆን ኬሚስትሪው ይፈጥናል። ስለዚህ ሞቃትና እርጥብ የባሕር ዳርቻ ላይ ያለ መኪና በረዶ ሳያይ ሊበላ ይችላል። ደግሞ በረዶ በሌለበት አገር የሚሸጥ ያገለገለ መኪና የት ሲነዳ እንደኖረ ማን ያውቃል? ጨው ሲረጭ በኖረ መንገድ ላይ ከተነዳ ዝገቱን ይዞት ነው የሚመጣው።

ሞቅ ያለ ጋራዥ የሚለውም በዚሁ ይወድቃል። ብርዱ በበረታበት ቦታ የወጥ ጨው ብቻውን በረዶውን ማቅለጥ ስለሚያቅተው ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመራሉ። እነዚህ እርጥበትን ከአየር ይስባሉ። ማግኒዥየም ክሎራይድ የአየሩ እርጥበት ወደ 33 በመቶ ቢወርድ እንኳ ውሃ ስቦ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ደረቅ የመሰላችሁ ሆድ እርጥብ ነው ማለት ነው። ይህን የተሸከመ መኪና አስገብታችሁ ስታሞቁት የቀዘቀዘውን ሂደት ቀሰቀሳችሁት። ውጭ በብርድ ቢያድር ይሻለው ነበር። ጋራዡ የሚጠቅመው መኪናው ታጥቦ ከገባና አየር የሚዘዋወርበት ከሆነ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና ደግሞ ሣር ወይም አፈር ላይ አይቁም። ከመሬቱ የሚነሳው እርጥበት ቀን ከሌት ሆዱን ይመታዋል።

የኤሌክትሮኒክ ሳጥኗ

ሳጥኗ ከባትሪው ደካማ ጅረት ወደ ቦዲው እየላከች ዝገትን ትከላከላለች ነው የሚባለው። ጸሐፊው ይህን ሲያቀርቡ መርከብና የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ በዚህ ዘዴ ይጠበቃሉ ብለዋል። እውነት ነው። ዘዴው የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሀምፍሪ ዴቪ በ1824 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች የተሸፈኑበት መዳብ እንዳይበላ ቁርጥራጭ ብረትና ዚንክ አያይዞበት ነበር። ሠርቶለታል። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ሠራ፤ መዳቡ መሟሟት ሲያቆም የባሕር ፍጥረታት በነፃነት ተለጠፉበት፣ መርከቦቹም ፍጥነታቸው ቀነሰ።

መርከብ ግን ውሃ ውስጥ ነው። ቧንቧው እርጥብ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። ኤሌክትሪኩ ዙሩን የሚጨርሰው በዚያ ባልተቋረጠ እርጥበት በኩል ነው። መኪና አየር ላይ ነው ያለው። ሆዱ ላይ ያለው ውሃ እዚህ ጠብታ፣ እዚያ ጠብታ ነው። ባትሪው ላይ ያለችው ሳጥን ጅረቷን በየት በኩል አድርጋ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ ታደርሰዋለች? የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ረስት ኢቬደር የተባለውን እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሸጠውን ኩባንያ ከስሶ ነበር። ዝገትን ይከላከላል የሚለው አባባል በማስረጃ አልተደገፈም ብሎ። ሳጥኖቹ ስማቸውን እየቀየሩ ዛሬም ይሸጣሉ።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀቡ ስለመባሉ

መጨረሻ ላይ ጽሑፉ ምንም ሳታስቀሩ ሁሉንም ቀቡ ይላል። እባካችሁ አስቀሩ። ማርሚታውና የጭስ ማውጫው መስመር በሙሉ አይነካም፤ ይጋላል፣ ቅቡ ይጨሳል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። የፍሬን ዲስክ፣ ታምቡርና ሸራ ላይ ጠብታ እንኳ እንዳይደርስ ይሸፈናሉ። የጎማ ሴንሰሮች፣ የአክስል ጎማ ሽፋኖች፣ የሞተር ቀበቶዎች ይቅሩ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉት ብርቱካናማዎቹ ገመዶችና የባትሪው መተንፈሻዎች አይነኩም፤ የአምራቹን መመሪያ ሳያዩ መጀመርም አያስፈልግም።

የምታስቀቡበትን ጋራዥ የምትመርጡ ከሆነ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። የበር ሥር ሳጥኑንና የሻሲውን ውስጥ በየትኛው ቀዳዳ ነው የምትረጩት? ሥራውን የሚያውቅ ሰው ረጅም ቀጭን ቱቦ ያሳያችኋል። ጫፉ በዙሪያው ሁሉ የሚረጭ ነው። የትኛውን የጎማ ክዳን አንስቶ እንደሚያስገባውም ይነግራችኋል። ከመቀባቱ በፊት የነበረውን ፎቶ እንዲያነሳላችሁም ጠይቁት። መኪናውን ስትረከቡ ደግሞ አጎንብሳችሁ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ሞክሯቸው። የተደፈነ ካለ እዚያው ያስከፍቱት።